በሽምግልና የተቆረጠ ቁጥር

ጌጡ ለኑሮው ዘጠኝ ባቄላ ሰጠ፤ ሚስቱ ካሣነሽ ሁለት። የግራር አምባ ሰው ሦስት ሳምንት የተነታረከበት ነገር ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

ባቄላውን ያመጣችው መሠረት ናት። በስማዳ ወረዳ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤተሰብና ስለ ኑሮ እርካታ ቤት ለቤት እየዞረ የሚጠይቅ የአንድ ጥናት ተቆጣጣሪ ነበረች። ወገዳ ላይ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ አራት መረጃ ሰብሳቢዎች በየጎጡ ታሰማራለች፤ ማታ ማታ ከየታብሌታቸው የመጣውን ታነባለች፤ የተጣመመ ካለ ትመልሳለች። መጠይቁ አንድ ቦታ ላይ «ከዜሮ እስከ ዐሥር ባለው መሰላል ላይ ኑሮዎን የት ያስቀምጡታል?» ይላል። ገበሬው መሰላል ሲባል ቤት ሊከድን የተጠራ ይመስለውና ወደ ጣሪያው ቀና ይል ነበር። ስለዚህ መሠረት በሥልጠናው ጊዜ ዘዴ ፈጠረች። ከባለቤቶቹ ዐሥር ፍሬ ባቄላ ለምኑ፤ ሰፌድ ላይ ዘርግፉት፤ ምንም የማይጎድልበት ኑሮ ዐሥር ቢሆን የእርስዎ ስንት ይሆናል፣ ያህሉን ወደ ራስዎ ይሳቡ በሉ አለቻቸው። ሠራ። ሰው ያለ ችግር እየሳበ መለሰ። የጥናቱ አስተባባሪ ያሬድ ከአዲስ አበባ ደውሎ አመሰገናት፤ እሷም ያን ቀን ደስ ብሏት ዋለች። በኋላ ግን በዚያ ደስታዋ አፈረች።

ከአራቱ ሰብሳቢዎች የምትመካው በእንየው ነበር። እንየው የታች ጋይንት ልጅ ነው፤ ዲግሪውን ይዞ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቶ የቆየ፣ አፈ ጮሌ። ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰላምታውን ሳይጨርስ ከባለቤቱ ጋር ዘመድ ይሆናል። ውሻው እንኳ አይጮህበትም። ሌሎቹ ሦስት ቤት ሲጨርሱ እሱ አምስት ያስገባል፤ አንድ ጥያቄ ሳያልፍ። መሠረት የእሱን ሥራ ለሌሎቹ እያሳየች እንዲህ ነው የሚሠራው ትል ነበር።

ጌጡን አውድማው ላይ አገኘው። ጌጡ ሰው የሚያከብረው ገበሬ ነው፤ ጥማድ በሬ አለው፣ ማኅበር አያጓድልም፣ ሰክሮ የታየበት ቀን የለም። ሰፌዱ ፊቱ ሲቀመጥ አላቅማማም፤ ዘጠኙን ጠራርጎ ወደ ጉልበቱ ሳበና አንዷን ለፈጣሪ ተውኩለት፣ ሁሉን ከወሰድኩ ይቆጣል አለ። አባባሏ ለራሱም ጣመችው። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደገማት፤ በማኅበር ደገማት፤ ሳምንት ሳይሞላ ጌጡ ዘጠኝ ወስዶ አንድ ለእግዜር መተዉን የማያውቅ አልነበረም። የገዛ አፉ ነውና የከለከለው የለም።

ካሣነሽን እንየው የጠየቃት ከቤቱ ጓሮ፣ ምስር ስትለቅም ነው። ደንቡ ባልና ሚስት ለየብቻ ይጠየቁ ይላልና ለብቻዋ ነበረች። ከመጀመሩ በፊትም መነበብ ያለበትን አነበበላት፤ የሚነግሩኝ ሁሉ በእርስዎና በእኔ መካከል ይቀራል። ካሣነሽ አመነችው። ስንት ሰዓት ትነሻለሽ፣ ውሃው ስንት ደቂቃ ይርቃል፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ሰዓት ሠራሽ ሲላት አንድ በአንድ መለሰች። ሰፌዱ ሲመጣ በአመልካች ጣቷ ሁለት ፍሬ ነጠለች፤ «በቃ?» አለችው። እንየው «2» ብሎ ነካ፤ ታብሌቱ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

ወሬው የወጣው ከዓለሚቱ ጠላ ቤት ነው። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ ቤቱ ከገበያ በተመለሰ ሰው ጢም ብሏል። እንየው መካከል ላይ ተቀምጦ ያጫውታቸዋል። ሁለተኛውን ዋንጫ ሲጨልጥ አንድ ሰው ይህ ሁሉ መጠየቅ ምን አሳያችሁ አለው። እንየው ሳቀና፣ «በዚህ አገር አንድ መደብ ላይ ዘጠኝና ሁለት አብረው እንደሚያድሩ አሳየን» አለ።

ስም አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገውም። ጠላ ቤቱ ፈነዳ፤ ከዚያ አንዱ ሌላውን እያየ ጸጥ አለ፤ ከዚያ እንደገና ፈነዳ።

ነገሩ ሰኞን አልጠበቀም። ምንጭ የወረዱ ሴቶች ካሣነሽን ሲያዩ መንገድ ልቀቁ፣ ሁለት መጣች አሉ። በማርያም ማኅበር ዳቦ ስታድል የነበረችው ሴት ለሰው ሁሉ አንድ አንድ ሰጥታ እሷ ዘንድ ስትደርስ ሁለት ቁራሽ ጣለችላትና፣ «እንኪ እቴ፣ አንቺ የለመድሽው ነው» አለቻት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ካሣነሽ ዳቦውን በላች፤ ብትተወው ሌላ ስም ይወጣላት ነበር።

ጌጡ አልመታትም፤ አልተሳደበምም። ከእጇ መብላት ተወ። ከእርሻ ሲመለስ የቀረበለትን ገበታ እንዳልታየ አልፎ እኅቱ ቤት እየሄደ ይበላ ጀመር፤ ሲሄድም በጎጡ መካከል በቀን ብርሃን ነው፣ ሰው እንዲያየው። በሁለተኛው ሳምንት ላከባት። ሁለት ከሆነ ኑሮዋ እስቴ ወላጆቿ ዘንድ ሄዳ ትሙላው፤ ሦስቱ ልጆች ግን ከዚህ ቤት አይወጡም። የመጨረሻዋ ገና ጡት አልጣለችም ነበር።

መሠረት ይህን ሁሉ የሰማችው ከእንየው አፍ ነው። ወገዳ ክፍሏ ድረስ መጥቶ፣ በር ላይ ቆሞ የተቀቀለ ድንች እየላጠ፣ ሽማግሌዎቹ ይፈልጉዎታል እትዬ አላት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተቀምጠው ሊያስታርቁ ነውና የቁጥሩ ባለቤት ትገኝልን ብለዋል። ምን ቁጥር አለችው። ነገራት፤ እየነገራትም ሁለት ጊዜ ሳቁ አመለጠው።

«ስም እኮ አልጠራሁም» አለ በመጨረሻ።

መሠረት ጣቶቹን አየች። በአውራ ጣቱ ጥፍር የድንቹን ልጣጭ እያነሣ መሬት ይጥላል። ውጣ አላለችውም፤ ድምፅዋንም አልጨመረችም። ድንቹን ውጭ ጨርስ አለችው።

እሑድ ከእንየው ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ተጉዘው ግራር አምባ ደረሱ። ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ወይራው ሥር ተቀምጠዋል። ዋናው መሪጌታ መልአኩ ናቸው፤ ድጓ አስተማሪ፣ አገሩ ሁሉ የኔታ የሚላቸው። በቀኛቸው አያ ደሴ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ እርቅ ሲሉት እንጀራ የሚተው። በግራቸው አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ። ጌጡ ወደ ምሥራቅ ርቆ ዱላው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ካሣነሽ በሌላው በኩል አጥሩ ሥር ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ከአክስቷ ጋር ተቀምጣለች። በሁለቱ መካከል ሽማግሌ ብቻ ነው የሚመላለሰው፤ ደንቡ እንዲያ ነው። መሪጌታ ፊት ደግሞ ሰፌድ ተቀምጧል፤ ሰፌዱ ላይ ዐሥር ፍሬ ባቄላ።

መሪጌታ ለመሠረት ድንጋይ አስጠርገው አስቀመጧት። «አግብተሻል ልጄ?» አሏት።

«አግብቼ ነበር» አለች።

መሪጌታ ነፍሱን ይማር ብለው ሌላ አልጠየቁም። ባለመጠየቃቸው አመሰገነቻቸው። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቀን ያመሰገነችው ነገር የለም።

ነገሩ ሲጀመር መሠረት ፈቃድ ጠይቃ ተናገረች። ይህ መልስ የካሣነሽ የብቻዋ እንደሆነ፣ በአደባባይ ሊነሣ እንደማይገባው፣ ጥፋቱ የእነሱ የጠያቂዎቹ እንደሆነ፣ ለዚህም አቶ ጌጡንም ሴትዮዋንም ይቅርታ ልትለምን እንደመጣች አስረዳች። ጥሩ አድርጋ ተናገረች፤ ሽማግሌዎቹም ሳያቋርጡ ሰሙ። ስታበቃ መሪጌታ ፂማቸውን እየደባበሱ፣ «የብቻዋ ከሆነ ልጄ፣ እናንተን ምን አመጣችሁ?» አሏት።

ተቀመጠች።

አያ ደሴ ወደ ጌጡ ሄዱና ተመለሱ። ዘጠኝ ካላለች ቤቴ አትገባም ብሏል። ወደ ካሣነሽ ሄዱና ተመለሱ። እንዳልኩት ነው፣ ሁለት ብላለች። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌ በተቀመጠበት ከቦታዬ አልነቃነቅም አይባልም፤ ሁለቱም ይንቀሳቀሱ አሉ። ዝምተኛው ሽማግሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩና ሚስት ከባሏ እኩል ልትሆን አይገባም፣ ጌጡ ዘጠኝን ይርሳው አሉ። አያ ደሴ ይህን ይዘው ሄዱ። ጌጡ ስምንት አለ። ካሣነሽ ሦስት አለች። ከዚያ አራት። አንዱ አንድ በለቀቀ ቁጥር መሪጌታ ሰፌዱ ላይ አንድ ባቄላ ከወዲያ ወደ ወዲህ ያንሸራትታሉ። መሠረት የደም ካሣ ሲቆረጥ አይታ አታውቅም፤ ስትሰማ ግን እንዲህ ይመስላት ነበር። አንድም ሰው አልሳቀም። ይህ ነው የባሰባት። ጠላ ቤቱ ስቆ ነበር፤ እዚህ ያሉት ግን ከልባቸው ነው፤ ለሴትዮዋ አዝነው፣ ለልጆቿ አስበው፣ የቀን ሥራቸውን ትተው።

አራት ላይ ቆመች። አያ ደሴ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብለው ብዙ ተናገሩ። ምን እንዳሏት ከወይራው ሥር አይሰማም፤ ክንዳቸው ብቻ ወደ እስቴ መንገድ ተዘርግቶ፣ ከዚያ ወደ ቤቷ ሲዞር ይታያል። አምስት አለች። ስድስት አለች። አያ ደሴ ተመልሰው ድንጋያቸው ላይ ዘፍ አሉና እግሬ አለቀ፣ ከዚህ በኋላ አንዲት ባቄላ አልሸከምም አሉ።

«ሰባት ይሁን» አሉ መሪጌታ። «ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ናቸው፤ ተክሊሉም ከሰባቱ አንዱ ነው። ሰባትን እምቢ የሚል ክርስቲያን የለም።»

ጌጡ እሺ አለ። ካሣነሽ ምንም አላለችም፤ እሺ እንዳለች ተቆጠረ።

ከዚያ ወረቀት መጣ። ከደብተር የተገነጠለ ባለ መስመር ወረቀት ላይ መሪጌታ በሚያምር የቁም ጽሕፈት ጻፉ፤ ወይዘሮ ካሣነሽ ኑሮዋ ሰባት መሆኑን በሽማግሌዎች ፊት አምና፣ አቶ ጌጡም ይህንኑ ተቀብሎ ታርቀዋል፤ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ያለ ሰው ቢገኝ በቤተ ክርስቲያኑ ስም የተገዘተ ይሁን። ባልና ሚስቱ በጣት ፈረሙ። ሽማግሌዎቹ ፈረሙ። ጌጡ ግን ሁለቱን የጻፈችው ሰባቱንም ትፈርም አለ፤ አለዚያ ነገ ተነገ ወዲያ ከአዲስ አበባ ሌላ ነገር ይመጣል።

መሠረት ልፈርም አልችልም ልትል አፏን ከፈተች። አያ ደሴ ወደ አጥሩ ሄደው ነበር፤ ተመልሰው፣ ካሣነሽ ፈርሚልኝ በሏት ብላለች አሉ። መሠረት ቀና ብላ አየች። ካሣነሽ ነጠላዋን ከቅንድቧ ከፍ አድርጋ እያየቻት ነበር። መሠረት ስሟን ጻፈች፤ ፈረመች። እንየው ከሰዉ ኋላ ሆኖ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል።

ካሣነሽ ያመጣችውን ዳቦ ጌጡ ቆርሶ ጎረሰ። ሴቶች እልል አሉ። ሽማግሌዎቹ ቆመው መረቁ፤ ሁሉም ደስ አለው፤ በማኅበሩ ሁለት ቁራሽ የጣለችላት ሴት ሳትቀር መጥታ ካሣነሽን ሳመቻት።

ስትሄድ ካሣነሽ ልሸኛት ብላ እስከ ጅረቱ መሻገሪያ አብራት ወረደች። ጥቂት ተጉዘው ሰው ከራቀ በኋላ፣ ያ የመጀመሪያው አሁን የት ነው አለቻት። መሠረት አዲስ አበባ እንደተላከ ነገረቻት። ስሜ አለበት? የለበትም፤ የቤት ቁጥር ብቻ ነው። ካሣነሽ ከኋላቸው ሰው አለመኖሩን ዞር ብላ አየች።

«እንግዲያ እሱን አትንኪብኝ፣ እታለም» አለች። «ሰባቱ ለልጆቼ ነው። ለነሱ ብዬ ነው። ሁለቱ ግን ያለበት ይቀመጥልኝ።»

መሠረት ቃሏን ሰጠቻት። ስትሰጥ አላመነታችም፤ በእጇ ያለ ነገር መስሏት ነበር።

ወገዳ ስትደርስ ኔትወርክ ገባና ስልኳ ጮኸ። ያሬድ ነው። ወረቀቱን ቀድሟት የገባው እንየው በፎቶ ልኮለታል፤ ወይራውን፣ ሰፌዱን፣ አያ ደሴ አጥሩ ሥር ቁጢጥ እንዳሉ ሁሉንም። ያሬድ እንዲህ ደስ ብሎት ሰምታው አታውቅም። ማኅበረሰቡ ራሱ ተሰብስቦ መረጃውን አረጋገጠ ማለት እኮ ነው መሲ፣ ይህን የትም ጥናት አላየሁትም አላት። በሚቀጥለው ወር የሚያቀርበው ገለጻ ላይ ፎቶውን ሊያስገባው ነው፤ የሽማግሌዎቹን ፊት ቀረብ አድርጎ የሚያሳይ ሌላ ካላት እንድትልክለት ጠየቃት።

መሠረት የሆነውን ከመጀመሪያው ነገረችው፤ ጠላ ቤቱን፣ ዳቦውን፣ እስቴን። እንየው መሰናበት አለበት አለችው። ከግራር አምባ የመጣው ሁሉ ውድቅ ይደረግ፣ ካልሆነም ሁለቱ እንዳለ ይቀመጥ። ያሬድ እየሰማ እም፣ እም ይል ነበር። እውነት ነው፣ የሚያሳዝን ነው አለ። እንየው ላይ ግን እንዳትቸኩል፣ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ይህን ሁሉ በፎቶ የያዘው እሱ ነው። የቤቱን መልስም እንየው ራሱ ታብሌቱ ላይ አስተካክሎታል፤ ሁለተኛው መልስ የመጀመሪያውን ይሽራል፣ ደንቡ ነው።

«መልስ አይደለም» አለች መሠረት። «አስገድደዋታል። እኔ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።»

«ፈርመሽበታል እኮ፣ መሲ» አላት።

ታብሌቷን ከፈተች። የግራር አምባን አሥራ አንደኛ ቤት አወጣች። የባል ኑሮ፦ ዘጠኝ። የሚስት ኑሮ፦ ሰባት። አረጋጋጭ በሚለው ቦታ ላይ የራሷ ስም አለ። ስሟን ለማጥፋት ሞከረች፤ የተቆለፈ ነው አላት። ያን ዕለት ራት አልበላችም። ያሬድን ተጸየፈች፤ እንየውን ተጸየፈች፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ወይራው ሥር ድንጋይ ተጠርጎላት የተቀመጠችውን፣ ደኅና አድርጋ የተናገረችውን፣ ከዚያም የፈረመችውን ሴት ተጸየፈች። በማግሥቱ መሰናበቻዋን ጽፋ ላከች። ያሬድ የተረከበችውን ዕቃ ዝርዝር እንድትልክ መለሰላት።

ከወገዳ ግን ወዲያው አልወጣችም። የገበያውን ቀን ጠበቀች። ካሣነሽ ነጭ ሽንኩርት ይዛ እንደምትመጣ ከመጠይቁ ታውቃለች፤ የትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት እንደምትጓዝ፣ ሸክሟ ስንት ኪሎ እንደሆነ ሁሉ ታውቃለች። ይህን ማወቋም አሳፈራት።

አገኘቻት። ካሣነሽ ማዳበሪያ ላይ ሽንኩርቷን በመደብ በመደብ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ትንሿ ልጅ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። መሠረት ፊቷ ቁጢጥ አለችና ደኅንነቷን ጠየቀች። ካሣነሽ እግዚአብሔር ይመስገን አለች። ጌጡ ከእጇ ይበላል፤ ሰውም ስሙን ትቶታል፤ ግዝት ነው።

መሠረት ቃሏን እንዳልጠበቀች ነገረቻት። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። እዚያም ሰባት አድርገውታል፣ የኔን ፊርማ አይተው ነው፣ ልመልሰው ሞክሬ አልቻልኩም አለቻት።

ካሣነሽ አንዱን የሽንኩርት ራስ አንሥታ ልጣጩን በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገች። አልተቆጣችም። የሚመጣን ነገር ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ፊት ነበር ፊቷ።

«ለምን ሁለት እንዳልሽ እንኳ አንድም ሰው አልጠየቀሽም» አለች መሠረት።

«አንቺስ?» አለች ካሣነሽ።

መሠረት መጠይቁን ገጽ በገጽ አስታወሰችው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚፈጅ ነው፤ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለውም። ወይራው ሥር፣ እስከ ጅረቱ ስትሸኛት፣ ቃል ስትሰጣት፣ እሷም አልጠየቀችም ነበር።

«አሁን ልጠይቅሽ» አለች።

ካሣነሽ ያሸችውን ሽንኩርት ወደ መደቡ መለሰችው። «አሁንማ ሰባት ሆኛለሁ» አለች። ከዚያ መሠረትን አልፋ ቀና አለችና ከኋላዋ ለቆመው ሰው የመደቡን ዋጋ ነገረችው።